የንጉሡ ሪዝ

በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ንጉሥ የሐጅ ሸውቂ ሪዝ ነበረው። ሪዙ ብቻም አይደለም፤ የጉንጫቸው ኪንታሮት፣ የባሕር ንፋስ ያጠቆረው ግንባራቸው፣ ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ ዘውድ ደፍቶ ጉብ ብሏል። ሐጅ ሸውቂ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉት፣ መልሰው አጠለቁት።

«ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሐጅ» አለ ወጊህ።

የሐጁን ልጅ ናግላን ለትዳር ከዚህ በፊት ሁለቴ ጠይቆ ሁለቴም «እናያለን» ተብሏል። እስክንድርያ ውስጥ «እናያለን» ማለት አናይም ማለት ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያመጣው የባስቡሳ ሣጥን ገመዱ ሳይፈታ ተመልሶለት፣ ጣፋጩን ቤቱ ወስዶ እያዘነ ብቻውን በልቶታል። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ሐጁ እሺ ካሉ ፋቲሓ ተቀርቶ እጮኝነቱ ይታሰራል፤ እምቢ ካሉ ግን ካይሮ ያለው ጥርስ ሐኪም ዘመዷ ተራውን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ወጊህ ከባስቡሳው ሌላ የሚያውቃትን አንዲት ሙያ ይዞ መጣ።

ሙያው የኮምፒውተር ጨዋታዎችን መልክ መቀየር ነው። ሰማዩን ያጠራል፣ ሣሩን ያለመልማል፣ የፈለገውን ሰው ፊት ይለጥፋል። ሐጅ ሸውቂ ደግሞ ዕድሜያቸውን በትራም ነጂነት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትራም ሐዲዱ ከወሰደው ሌላ የት ይሄዳል? ጡረታ በወጡ ማግስት ፈረስ የሚጋለብበት ጨዋታ ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ ደስ ባላቸው ሰዓት ወደ ግራ ይታጠፋሉ።

«ኢንሳፍ! ነይ ባልሽን እዪ!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ። ናግላም እናቷን ተከትላ ገባች። ሐጁ በኩራት ፈረሳቸውን ኮልኩለው ከቤተ መንግሥቱ ወደ ገበያው ወጡ።

ወጊህ የፈተሸው ዙፋን ቤቱን ብቻ ነበር። የጨዋታው ሠሪዎች፣ ስንፍና ይዟቸው፣ ከንጉሡ እስከ ለማኙ ላለው ሕዝብ አንድ የፊት ሥዕል ማደላቸውን አላጣራም። ችኩል አፍቃሪ ምን ያጣራል?

የበሩ ዘበኛ የሐጅ ሸውቂ ፊት ነበረው። አንጥረኛውም። ግንዱ ላይ የታሰረው ሌባም። ግድግዳ ተደግፎ የሚንገዳገደው ሰካራምም። ቀጥላ አበባ የታቀፈች ልጃገረድ መጣች፤ ሪዟ እስከ ጆሮዋ ይደርሳል።

«አንዱን እንኳ እንዴት እንደቻልኩት አላህ ያውቃል» አሉ ሲት ኢንሳፍ፤ «አሁን ደግሞ አገር ሙሉ!»

ናግላ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ሌባውም እኔ ነኝ?» አሉ ሐጁ፣ ቀስ ብለው።

«ሥዕሉ... የሁሉም አንድ ስለሆነ ነው፣ ሐጅ።»

«ሰካራሙም? እኔ ሸውቂ? ጠብታ በከንፈሬ ያልዞረ ሰውዬ?» በሩን አመለከቱ። «ባስቡሳህን ያዝና ውጣልኝ!»

ወጊህ ሣጥኑን አነሣ። ናግላ ሳቋን ትታ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አይታወቅም። ወጊህ በሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው ሐጁ «ቆይ» ሲሉ ሰማ።

ስክሪኑ ላይ፣ ሻሽ ያሰረች ባለሪዝ አሮጊት የሽንኩርት መደብ አጠገብ ቆማ ወደ ፈረሰኛው ቀና ብላለች።

«ይችን ሴትዮ ላጫት» አሉ ሐጁ።

ወጊህ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሥዕሉን ከፍቶ ሪዙን ደመሰሰ፣ ከጉንጩ ቆዳ ቀድቶ ከንፈሩ ላይ አለበሰና ጨዋታውን መልሶ አስነሣው። ከተማው በአንድ ጊዜ ተላጨ፤ ዘበኛው፣ ሌባው፣ ንጉሡም ጭምር። አሮጊቷም።

የሐጅ ሸውቂ እናት በሕይወቷ አንድ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ፎቶ ዓይነ ጥላ ያመጣል እያለች ፊቷን እንደሸሸገች አፈር ገባች። «ቁርጥ እናቱን» እያለ ያሳደጋቸው ጎረቤት ሁሉ አልቋል። እሳቸውም መስታወት ፊት ሲቆሙ የሚያዩት ሪዙን ነበር።

አሮጊቷ በባዕድ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«‹ፈረስህን ከሽንኩርቴ ላይ አንሣ› ነው የምትለው፣ ሐጅ።»

«ራሷ ናት» አሉ ሐጁ።

ጣታቸው ቁልፎቹን ሲፈልግ ቆየና ከፈረሱ ወረዱ። እናት ፊት በፈረስ አይቆምም። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው «አል‑ፋቲሓ» አሉ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ በለሆሳስ ቀራ። ወጊህ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ልቡ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይደልቃል።

ቀርተው ሲጨርሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። የሐጁ እጅ ሪዛቸው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሐጅ» አሉ ሲት ኢንሳፍ፤ «ይሄ የቀራነው ለሟቿ ነው፣ ወይስ ለልጆቹ?»

ናግላ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። ሐጅ ሸውቂ ዓይናቸውን ከአሮጊቷ ላይ አላነሡም።

«እናቴ ባስቡሳ ነፍሷ ነበር» አሉ። «ያን ሣጥን ክፈቱት።»

ወጊህ ከገመዱ ጋር ይታገል ጀመር። ናግላ ቢላዋ ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጠች።