ከብብት ሥር የወጣው

«ናሙና ብለሽ ዝጊው አልኩሽ እኮ!» አለ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ከጀርባዋ ቆሞ ኮምፒውተሩ ላይ እያፈጠጠ።

ኮድ ሠራተኛዋ እጇን ከመተየቢያው ላይ አነሳች። የሆስፒታሉ ሐኪሞች የጻፉትን አንብባ፣ ለእያንዳንዱ ቀዶ ጥገና ለኢንሹራንስ የሚላከውን ኮድ የምትመርጠው እሷ ናት። ከብብት ሥር የሰውነትን ፈሳሽ ከሚያጣሩት ዕጢዎች አንድ ሁለቱ ለምርመራ ሲወጡ «ናሙና» የሚባል ኮድ አለው፤ ዕጢዎቹ በሙሉ ተጠርገው ሲወጡ ደግሞ «በሙሉ የወጣ» የሚባል ሌላ። አሁን በፊቷ ባለው መዝገብ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢዎቹን አብጠው ስላገኛቸው አንድም አላስቀረም። ታካሚዋ አክስቷ ናት፤ እናቷ ስትሞት ወስዳ፣ ልብስ እየሰፋች ያሳደገቻት።

«ሁሉም ነው የወጣው» አለች።

«ኢንሹራንሱ የፈቀደው ናሙና ነው። ሌላ ከላክሽ አንከፍልም ይሉና ዕዳው እሷው ላይ ይወድቃል። ይሄ ነው ለአክስትሽ ማዘን?»

«ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እጇ ቢያብጥስ? ናሙና ብቻ ለተወሰደለት ሰው የእጅ ሕክምና አይሸፍኑም።»

«ሲያብጥ ያኔ እናያለን።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«ከምሳ በፊት ጨርሺው» ብሎ ወጣ።

እሷም ተነስታ ወደ አክስቷ ክፍል ወረደች። አክስትየዋ ትራስ ተደግፋ፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ሐኪሙ ምን አለሽ፣ እትዬ?»

«ምን ይለኛል፣ ደህና ነሽ ብሎኝ እየሮጠ ሄደ። ትንሽ ቆንጥረው ነው የወሰዱት። የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሙሉ ልሰፋ ተቀብያለሁ እኮ፤ ጨርቁ ቤት ገብቷል።»

ይህን መናገር የሐኪሙ ሥራ ነበር። ሐኪሙ ግን የለም።

«ሁሉንም ነው ያወጡት። እጅሽ ሊያብጥ ይችላል፤ ከእንግዲህ እንደ ድሮው ሥራ አይችልም።»

አክስትየዋ ቀኝ እጇን ቁልቁል አየች።

«ሳይነግሩኝ?» አለች። ቀጥላም «ወረቀቱ ላይ ምን ልትዪ ነው?»

«እውነቱን። ኃላፊው ግን ናሙና በዪ ይለኛል፤ አለዚያ ዕዳው አንቺ ላይ ሊመጣ ይችላል።»

«እንግዲያው ያሉሽን ጻፊ። በስተርጅናዬ ዕዳ ይዤ ሰው ደጅ አልቆምም። ጨርቁንም አልመልስም።»

«እጅሽስ?»

«እጄ የራሴ ነው!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለቱን ኮዶች አየቻቸው። «በሙሉ የወጣ» የሚለውን መርጣ ላከችው። ከዚያ ለኃላፊው ሳትነግር የአክስቷን ቤት ቁልፍ ይዛ ወጣች፤ ዛሬውኑ ጨርቁን ለትምህርት ቤቱ ልትመልስ።