ሁለት ኪሎ ያልሞላች ልጅ

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ጣጣው ሁሉ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። አባቴ መምሬ ወልደአረጋይ አንኮበር ላይ ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል። ለእሳቸው ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የጠፋ ሰው ነው፣ በቃ።

እኔ ደግሞ ሄጄ ሄጄ አጫሽ አገባሁ! ብሩክ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሊሠራ ከአዳማ የመጣ ልጅ ነው። ሥራ ወዳድ፣ ሳቂታ፤ አመሉ ያቺው ሲጋራ ብቻ ናት። ስንጋባ "እተዋለሁ" አለኝ፣ አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ወድጄዋለሁ።

የምንኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አከራያችን እትዬ ባዩሽ የአንኮበር ሰው ናቸው፤ ሐሙስ ያዩትን ቅዳሜ አባቴ ይሰሙታል። ስለዚህ ብሩክ ሊያጨስ ወደ ደጅ ሲል እጁን ይዤ እመልሰዋለሁ። "ግባ አንተ! ብርዱስ? እትዬ ባዩሽስ?" እለዋለሁ። በሩን እዘጋለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ እወትፋለሁ። ሽታው ወደ ግቢው እንዳይወጣ ነዋ! ጭሱ ታዲያ የት ይሂድ? ያኔ አላሰብኩትም። ሆዴ ግን እየገፋ ነበር።

ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ "ታጨሻለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ወይ ድፍረት! "እኔ? የቄስ ልጅ? ደህና ነሽ አንቺ?" ብዬ ጮህኩባት። ደንገጥ ብላ "ቤት ውስጥስ የሚያጨስ አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። በሚቀጥለው ቀጠሮም "የለም"። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም፤ እንደዚያ አፌን ከፍቼባት ማን ደፍሮ ይጠይቀኛል?

ልጄ ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ ሆስፒታል ተወለደች። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። "ሚዛናችሁ ተበላሽቷል" ብዬ ተጣላሁ። አዋላጇ ሲስተር ፋሲካ፣ እግዜር ይስጣት፣ ሳትቆጣ ደግማ መዘነችልኝ። ያው ነው። ከዚያ ልብሴን አስወልቃ ሕፃኗን ደረቴ ላይ ገላ ለገላ አሰረችልኝ። እግሯ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አለቀስኩ፤ ለብሩክም ለራሴም አይደለም፣ ለእሷ ነው።

በአሥረኛው ቀን ከሁለት ኪሎ ትንሽ አለፈች። ልንወጣ ስንል አባቴ ከአንኮበር ደረሱ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጸሎት አደረሱላት። ብሩክ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሲስተር ፋሲካ ካርዴን ይዛ መጣች።

"ዛሬ እሸኛችኋለሁ" አለች። "ግን እንዲህ ያለች ትንሽ ልጅ ጭስ አትችልም። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?"

አባቴ ቀደሙኝ። "ኧረ ልጄ! እነሱ ቤት ምን ሲደረግ!" ብለው ሳቁ።

ብሩክ አንገቱን ደፋ። እኔ ዝም ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ ውሸቱን ሌላ ሰው ዋሽቶልኛል። ዝም ካልኩ ግን ይህችን ልጅ ይዤ የምገባው እዚያው ክፍል ነው። ደረቴ ላይ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"አለ" አልኩ። "ባሌ ያጨሳል። እርጉዝ ሆኜም እዚያው አጠገቤ ያጨስ ነበር።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባቴ" አለ ብሩክ።

"ዝም በል፣ አልጨረስኩም! ደጅ ላጭስ ሲል እያስገባሁ በር የዘጋሁበት እኔ ነኝ። እትዬ ባዩሽ አይተው እንዳይነግሩዎት ብዬ ነው፣ አባባ።" ወደ ሲስተር ዞርኩ። "ያነሰችብኝ በዚህ ነው?"

ሲስተር ፋሲካ አልዋሸችኝም። "በዚህ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን አንቺ ባታጨሺም አጠገብሽ የሚጨሰው እስከ ጽንሱ ይደርሳል፤ ክብደቱን ይቀንሳል። ብትነግሪን ኖሮ ባልሽን ጠርተን እናነጋግረው ነበር።"

አባቴ ብሩክን አላዩትም። የሚያዩት ከነጠላዬ ሥር ብቅ ያለችውን የልጄን ጭንቅላት ነው። ይረግሙናል ብዬ ጠበቅኩ።

"እኔን ፈርተሽ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲያ እኔም አለሁበት" አሉ።