ቀይ ከጥቁር

ራቢዓ ሱቃቸው ደጅ በቆመው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር ተንበርክካ የሳብዎፈሩን፣ የቤዝ ድምፅ ማጉያውን፣ የመጨረሻ ብሎን በካቻቢቴ ትፈታለች። አያ ነጋ ከአናቷ በላይ ቆመው ይለፈልፋሉ።

«ሁለት ኦም ነው የምፈልገው ብያለሁ! ሹፌር ጓደኛዬ ሰውአገኝ ያስገባው ሁለት ኦም ነው። የሱ መኪና አዘዞ ላይ ሲዘፍን አራዳ ድረስ ይሰማል።»

«አያ ነጋ፣ መጀመሪያ ይሄኛው በምን እንደሞተ ልይ። ከዚያ ስለሚተካው እናወራለን።»

«የሞተ ሞተ! ምነው፣ ሳብዎፈርም የሬሳ ምርመራ አለው እንዴ?»

ራቢዓ ሳቀች እንጂ እጇን አላቆመችም። አያ ነጋ ሃምሳን አልፈዋል። ከጎንደር ጠዳ ሲመላለሱ ዕድሜያቸው አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያን ደረት የሚደልቅ ቤዝ እሳቸው ራሳቸው አይወዱትም፤ «የራስ ምታት ነው» ይላሉ። ግን ምን ይደረግ? የዛሬ ወጣት ድምፅ የሌለው መኪና ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ ነገ ጠዳ ላይ የእህታቸው የእናኑ ልጅ ሠርግ ነው። ሚዜዎቹን የምጭነው እኔ ነኝ፣ መንደሩን በዘፈን ነው የማደምቀው ብለው ከወር በፊት ቃል ገብተዋል። ቤዙ ታዲያ መርጦ መርጦ በሠርጉ ሳምንት ጸጥ አለ። እናኑን የሚያውቅ ያውቃታል። «ወንድሜ የልጄን ሠርግ ለቅሶ አስመሰለው» ብላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ታወራባቸዋለች።

ሳብዎፈሩ ከሳጥኑ ሲወጣ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

«ለድምፁ ኃይል የሚሰጠው አምፕሊፋየሩስ ይሞቅ ነበር?» አለች።

«ይሞቅ ነበር ትያለሽ? እንቁላል ይጠብሳል እንጂ! ዘፈኑ ገና ሲግል ድርግም ይላል። እስኪቀዘቅዝ ቆሜ እለምነዋለሁ።»

ራቢዓ ሁለቱንም ከመኪናው አውርዳ የሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ የአምፕሊፋየሩን አቧራ በክንዷ ጠረገችና ጽሑፉን አነበበች።

«ይኸውልዎ፣ ከአራት ኦም በታች አትጫኑብኝ ይላል። ኦም የሚሉት ቁጥር ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ላይ ጭነቱ ይበዛል። በሁለት ቢያስሩት እጥፍ ጫኑበት ማለት ነው። የሰውአገኝ አምፕሊፋየር ሌላ ነው፤ ሁለት ይችላል።»

«የኔስ ምን አንሶት?»

«አላነሰውም። አህያና በቅሎ አንድ ዓይነት ጭነት አይጫኑም፣ ያ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ የኔ አህያ መሆኑ ነው!» አሉ አያ ነጋ ተቀይመው። «ስሚ ልጄ፣ አንቺ ሁለት ኦም ከሌለሽ ከታች በኩል ያለው ሱቅ ሞልቶታል። እስኪመሽ ደግሞ ጊዜ የለኝም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አያ ነጋ እንኳ ሞኝ አይደሉም፤ ቢሆንም ሁለትን ከያዙ ይዘዋል። ራቢዓ መልስ ልትሰጥ የተቃጠለውን ሳብዎፈር ገልበጥ ስታደርገው ዓይኗ ማሰሪያው ላይ ዐረፈ።

ሳብዎፈሩ በሆዱ ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለው ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅል አራት ኦም። ሁለቱ ጎን ለጎን ታስረዋል፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። እንዲህ ሲታሰሩ አራትና አራት ስምንት አይሆኑም፤ ወርደው ሁለት ይሆናሉ። አያ ነጋ አምጪ እያሉ የሚጮሁለት ሁለት ኦም ስድስት ወር ሙሉ ከወንበራቸው ሥር ነበር። የገደለውም እሱ ነው።

ይኼን ብትነግራቸው ክርክሩ ባንድ ቃል ባለቀ ነበር። ችግሩ ማሰሪያው ነው። መገጣጠሚያው ላይ ሰም የተቀባ የጫማ ሰፊ ክር ተጠምጥሟል። በጎንደር ከተማ ሽቦ በዚህ ክር የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቷ ሐጂ ሸሪፍ።

ሐጂ ሸሪፍ አርባ ዓመት ሬድዮ ጠግነዋል። «የሸሪፍ እጅ የነካው ነው» ከተባለ በአራዳ ሌላ ዋስ አይጠራም። ራቢዓን ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርቷም «ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር» የሚል ነበር። ከስድስት ወር በፊት ይሄ ሳብዎፈር በተገጠመ ሰሞን እህቷ ዐዚዛ ወልዳ፣ ራቢዓ ልትጠይቃት ባሕር ዳር ሄዳ ነበር። ሐጂ ደንበኛ ከሚመለስ ብለው የመኪናውን ሥራ ብቻቸውን ሠሩት። መኪናውን ያመጣው ረዳታቸው ስለነበር አያ ነጋ ማን እንዳሰረው አላዩም። አሁን ዙሁር ሊሰግዱ መስጊድ ናቸው።

ዝም ብላ ብታሰናብታቸው የአባቷ ስም ይተርፋል። የእኚህ ሰውዬ አምፕሊፋየር ግን ከታች ሱቅ በሚገዙት ሁለት ኦም ነገ ሠርገኛው መሀል ይቃጠላል። አያ ነጋ የመኪናቸውን ቁልፍ አንስተዋል፤ አንድ እግራቸው ከሱቁ ወጥቷል።

«አያ ነጋ፣ ይቆዩ!» አለች። «ሁለት ኦም ነበረዎ።»

«ምን?»

«ይሄ የተቃጠለው በሁለት ኦም ነው የታሰረው። አምፕሊፋየሩን ሲያሰቃይ የኖረው እሱ ነው። ሌላ ሁለት ቢያስገቡ ይደገማል።»

አያ ነጋ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «በሥላሴ! ማነው እንዲህ ያሰረው? ሰውዬውን አሳይኝ!»

«እዚሁ ነው የታሰረው። የኛ ጥፋት ነው።»

«እኛ ማነው?»

«ምን አጠፋን?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ሐጂ ሸሪፍ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ቆመዋል።

ራቢዓ ደነገጠች። «እኔ ነኝ አባባ፣ ሳስር ተሳስቼ...»

ሐጂ ሸሪፍ መነጽራቸውን አድርገው ሳብዎፈሩን ከእጇ ወሰዱ። ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ያን ሳምንት አንቺ ባሕር ዳር ነበርሽ» አሉ። «ለምን ትዋሻለሽ? ክሩ የኔ ነው።» ወዲያው ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ደግሞ ምን ስህተት አለው? ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር!»

«ለሬድዮ ልክ ነው አባባ። ይሄ ግን ባንድ ሆድ ሁለት ጥቅል ነው። ጎን ለጎን ሲያስሯቸው ጭነቱ ይበዛል። ቢያሳዩኝ ኖሮ...» ብላ ከንፈሯን ነከሰች። አባቷን በሰው ፊት ማረሟ አንገበገባት።

ሐጂ ሸሪፍ ሳብዎፈሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አያ ነጋ መሬት መሬት ያያሉ።

«ሥሪ» አሉ ሐጂ ሸሪፍ። «እያየሁ ሥሪ።»

ራቢዓ ከመደርደሪያው ሌላ ሳብዎፈር አወረደች። እሱም ሁለት ጥቅል ያለው ነው፤ ግን እያንዳንዱ ሁለት ኦም ነው። የአንዱን ቀይ ከሌላው ጥቁር አሰረች። አባቷ እጃቸው ሊከለክላት ብድግ ብሎ ተመለሰ። የቀሩትን ሁለት ጫፎች ወደ አምፕሊፋየሩ ሳትወስድ መጀመሪያ ኦም የሚለካውን ቴስተር አስነካቻቸው።

«በተከታታይ ሲታሰሩ ሁለትና ሁለት አራት ነው» አለች።

አያ ነጋ አንገታቸውን አሰገጉ። «ሦስት ነጥብ ስድስት ነው እኮ የሚለው! ልታጭበረብሪኝ ነው?»

«ቴስተሩ የሚለካው ቆሞ ነው አያ ነጋ። የቆመ በሬና የሚያርስ በሬ እኩል ጉልበት ያወጣሉ እንዴ? ዘፈን ሲገባበት አራት ነው። የፈለጉትን አራት ኦም ከመደርደሪያው ያውርዱና ይለኩት፤ አንዱም ሙሉ አራት አይልልዎትም።»

ሰውዬው እውነትም ሦስት አውርደው ለኩ። ሦስት ተኩል፣ ሦስት ነጥብ አራት፣ ሦስት ነጥብ ሰባት። «እንዴ!» ብለው ሦስቱንም ወደ መደርደሪያው መለሱ።

ተገጥሞ ዘፈኑ ሲለቀቅ የሱቁ መስታወት ዘመረ። አያ ነጋ ጆሯቸውን ይዘው በደስታ አንቧረቁ። «ሸጋ! ሸጋ ነው! ኧረ ጭንቅላቴን!» ሐጂ ሸሪፍ ግን አልሳቁም። መዳፋቸውን አምፕሊፋየሩ ላይ አሳርፈው ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ለብ ከማለት አላለፈም።

«አልሞቀም» አሉ።

«አይሞቅም አባባ።»

«ነጋ፣ የዚህን ሒሳብ አትከፍልም። የበፊቱን ያቃጠልኩብህ እኔ ነኝ።»

«ኧረ ሐጂ! ተዉ እንጂ፣ ስንት ዓመት ሬድዮዬን...»

«አትከፍልም አልኩህ። ሂድ፣ ልጁን ዳር። የእናኑን ምላስ እኔም አውቀዋለሁ።»

አያ ነጋ እየመረቁ፣ እየሳቁ ሄዱ። ቤዙ ፒያሳን እስኪያልፍ ይሰማ ነበር። ራቢዓ ዕቃዋን እየሰበሰበች አባቷን በጎን አየቻቸው። ይቆጣሉ ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቆጥራሉ።

«አንቺ ባሕር ዳር ሳለሽ እንዲህ ያሰርኩት የነጋን ብቻ አይደለም» አሉ። «የደባርቁ በላቸው አለ። የአይከሉ መምህር አለ። አንድ ሌላም አለ፣ ስሙ ይመጣልኛል።»

«ግድ የለም አባባ፣ እኔ ቀስ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ለምርመራ ነው ብዬ ሳያውቁ አስተካክልላቸዋለሁ።»

ሐጂ ሸሪፍ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት።

«ቁጥሩ አይታየኝም፤ የበላቸውን አውጪልኝ። ሲያነሳ ግን ለኔ ስጪኝ፣ እኔ ነኝ የምነግረው።»

ራቢዓ ስሙን ፈልጋ አገኘችው። ደወለችና ስልኩን ለአባቷ አቀበለቻቸው።