ተራራው ሲነጣ

የእኔና የታረቀኝ ማሳ የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነው። ከቆቦ በላይ ካለው ደጋ ጎርፍ ሲወርድ ጠልፈን ወደ ማሽላችን እንመራዋለን። የቀኑ ተራ ለእኔ ሲደርሰኝ ከንጋት እስከ መግሪብ አዛን ውሃው የእኔ ነው፤ ከአዛኑ በኋላ የታረቀኝ። ታዲያ አንዲት ሕግ አለች፤ ውሃው ሲደርስ አካፋውን ይዞ በቦዩ አፍ ያልቆመ ተራውን ለቆመው ይለቃል። ይህን የሚዳኙት አባ ሃጋ የምንላቸው የውሃ ዳኛችን ጋሼ አባይ ናቸው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ተቋረጠ። ማሽላዬ ዘለላ ሊያወጣ ሲል ቅጠሉ ተጠቀለለ። አንድ ጎርፍ ካላገኘ ከከብት አገዳነት አያልፍም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የማበላው ከዚያች ማሳ ስለሆነ ፈርቼ ነበር።

ተራዬ የደረሰ ዕለት ጠዋት እንዳለው የሚባለው የወረዳው ባለሙያ ላፕቶፑን አዝሎ በሞተር መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ስለ ሰማይ ሲያወራ ሰማዩን ቀና ብሎ አለማየቱ ነው።

«እትዬ ራቢዓ፣ ሌሊት ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ወርዷል። ሞዴሉ ጎርፉ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል ይላል።»

«ሞዴሉ ማን ነው?»

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ስሌት ነው። የዝናቡን ልክ ስነግረው ውሃው መቼ እንደሚደርስ ያሰላልኛል።»

አራት ሰዓት አለፈ። እንደገና አስልቶ ስድስት አለኝ፤ ስድስትም አለፈ። ስምንት ላይ ላቡን እየጠረገ «በቃ፣ ውሃውን መንገድ ላይ መሬት ጠጥቶታል። ዛሬ ጎርፍ የለም» አለ።

ታረቀኝ ከቦዩ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ብድግ አለ። ለአፍታ እንኳ ዞር እንድልለት ሲጸልይ ነው የዋለው።

«እንግዲህ ራቢዓ፣ ኮምፒዩተር አይዋሽም። እኔ ጎብዬ ሄጄ ዘመድ ልጠይቅ፤ አንቺም ግቢ» አለኝ።

ተራራውን አየሁት። ጫፉ ነጭ ሆኗል። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ተራራው ሲነጣ ምሳህን ብላ፤ ውሃው ተኝቷል» ይል ነበር።

«እንዳለው፣ ሞዴልህ ያንን ነጭ ያያል?»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«የወረደው በረዶ ነው ለካ! ሞዴሉ እንደ ዝናብ ነው የቆጠረው።»

«እንግዲያው የተኛውን ሰው ይሮጣል ብሎሃል» አልኩት። ወደ ታረቀኝም ዞሬ «ቆይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይመጣል» አልኩት፤ የምሬን ነው።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» ብሎኝ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ጭንቅ ሆነ። በረዶውን የምታቀልጥልኝ ፀሐይ እሷው ስትጠልቅ ተራዬን ይዛብኝ ልትሄድ ነው። «ያ አላህ፣ ወይ ውሃውን አፍጥነው፣ ወይ ሙአዚኑን አዘግየው» አልኩ። ሙአዚኑ ግን ሰዓቱን አክባሪ ነው። አዛኑ ሲሰማ አካፋዬን መሬት ላይ ጣልኩትና አለቀስኩ።

እንባዬን ሳልጠርግ ከላይ ከወንዙ ጉርምርምታ መጣ። ውሃ!

ተራ ሊዳኙ ከቦዩ አፍ የቆሙትን ጋሼ አባይን «ጋሼ፣ ተራው የታረቀኝ ነው» አልኳቸው። አፌን መረረኝ እንጂ እውነቱ ያ ነው።

ጋሼ አባይ ወደ ግራሩ አዩ። እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ «ታረቀኝ!» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም።

«የተገኘ ያጠጣ» አሉ፤ አካፋዬን አነሳሁ።

እንዳለው ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ አብሮኝ ጭቃ ገፋ። ውሃው እንደ ወትሮው ቦይ የሚቀድድ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ ገባ። «ይህ ነጩ ስንት ሰዓት ነው የሚያቆየው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ በጭቃ እጁ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

ማሳዬ ሲጠግብ የታረቀኝን ማሽላ በጨረቃ ብርሃን አየሁት። ቅጠሉ እንደኔው ተጠቅልሏል። ማሽላው ምን አደረገኝ? ድንበሩን በአካፋ ቀድጄ ለቀቅኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ታረቀኝን ማሳው መካከል እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት።

«ኮምፒዩተሩ ውሃ የለም ብሎ ነበር እኮ» አለኝ።

«እግርህን ጠይቀው።»

የተቀደደውን ድንበር አየ፤ አካፋዬንም አየ። ቀና ሳይል፣

«የሚቀጥለው ተራዬ የአንቺ ነው» አለ።