ባዶዋ ሴራሚክና የጉልበቴ መርፌዎች

የሥራ ጓደኞቼ «ውሃ ልክ» ነው የሚሉኝ። እኔ ያነጠፍኩት ወለል ላይ ብይ ቢቀመጥ ወዴትም አይንከባለልም ለማለት ነው። ስሙን ያወጡልኝ በደህናው ጊዜ ነው እንጂ ዛሬ ስራመድ ቢያዩኝ ሌላ ስም አያጡልኝም ነበር። ግራ ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብዬ ነው የምሄደው። ወለል ግን አሁንም ቀጥ አድርጌ አነጥፋለሁ፤ ከተፈቀደልኝ።

የከለከለችኝ ልጄ ናት። ሴራሚክ ማንጠፍን ከእኔ ተምራ፣ ከእኔ ጋር ስትሠራ ኖራ፣ ቀስ በቀስ አለቃዬ ሆነች። አንድ ቀን የሰው መታጠቢያ ቤት ስንሠራ የመጨረሻውን መስመር ተንበርክኬ ጨረስኩና መነሳት አቃተኝ። «እርጂኝ» ማለት ሞት መሰለኝ። አዲስ የተገጠመውን የእጅ መታጠቢያ ጨብጬ ብድግ ልል ስሞክር፣ መታጠቢያው ከነቧንቧው ተነቅሎ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። ውሃው ጣሪያ ደረሰ። ልጄ ሮጣ ውሃውን ዘጋችና ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ ጉልበትህ እስኪሻልህ ድረስ ሥራ ቦታ እንዳላይህ» አለችኝ።

ቤት መዋል ጀመርኩ። ሚስቴ መጀመሪያ ላይ አዘነችልኝ። ወጥ ቤቷ ውስጥ እየዞርኩ ወለሉን በጣቴ ማንኳኳት፣ ድስት አቀማመጧን ማረም ስጀምር ግን ሐዘኗ አለቀ። «ወይ ጉልበትህን ታከም፣ ወይ ከወጥ ቤቴ ውጣልኝ» አለች። ምንም እንኳ ለሰው ሁሉ «እንኳን አረፍኩ» እያልኩ ባወራም፣ እውነቱን ለመናገር የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ አጠገብ ተመልሼ መሥራት። ጠዋት የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ እያነከስኩ መስኮት ጋ እሄዳለሁ።

ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ አጥንት ተበልቶ ማለቁን በብዕሩ ጫፍ አሳየኝ። ክብደት ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ፣ ሲያምህ ኪኒን ውሰድ አለኝ። ኪኒኑ ጨጓራዬን አስነሳብኝ። ስፖርቱን ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ላይ እያነሳሁ ለጥቂት ጊዜ ሠራሁት፤ ሚስቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ብቻ። ክብደቴን በተመለከተ ከእኔ ይልቅ ሚዛኑን ጠረጠርኩ።

ስለ አኩፓንክቸር የነገረችኝም ሚስቴ ናት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጉልበቷን በቀጫጭን መርፌ ተወግታ ተሽሏታል። ሣቅሁ። ልጄ ባለችበት «መርፌ የጨርቅ ነው፣ እኔን ማን ሊጥፈኝ ነው?» ብዬ እራቱን ሙሉ ስቀልድ አመሸሁ። በማግስቱ ደረጃ ስወርድ እንደ ሸርጣን በጎን መሄድ ግድ ሲሆንብኝ፣ ለሚስቴ «ለልጅቷ እንዳትነግሪ» ብዬ አድራሻውን ተቀበልኩ።

ሐኪሟ ደቃቃ ሴት ናት፤ እንደ ቁም ሣጥን የገዘፍኩት እኔ ፊት ስትቆም አንገቷን ቀና ማድረግ ነበረባት። ራጁን አይታ፣ «አባባ፣ ያለቀውን አጥንት መልሼ አላበቅልልዎትም» አለችኝ። «ሕመሙ ግን ሊቀንስልዎት ይችላል። አንዳንዱን ሰው ያሽለዋል፣ አንዳንዱን አያሽለውም። የታዘዘልዎትን እንቅስቃሴም እንዳይተዉ፣ መንበርከክም ይቅርብዎት።» ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የገባው «ሕመሙ ይቀንሳል» የሚለው ብቻ ነው።

አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በትከሻዬ የሴራሚክ ካርቶን የተሸከምኩ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ «እናቴን!» ብዬ ጮህኩ።

«አባባ፣ ገና በጥጥ እየጠረግሁልዎት እኮ ነው» አለች።

መርፌው ሲገባ እንዲያውም አልታወቀኝም። ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ነገር ነው። አንዳንዱ ጋ ትንሽ ነዘረኝ፣ ከዚያ ጉልበቴ ዙሪያ ሞቅ አለኝና እንቅልፍ ወሰደኝ። እየተመላለስኩ ስወጋ ለውጡ መጣ። ደረጃ ፊት ለፊቴን እያየሁ መውረድ ቻልኩ። ሌሊት ጉልበቴ መቀስቀሱን ተወኝ። ሚስቴ መርፌው ሳይሆን ግማሽ ሰዓት አፌን ዘግቼ መተኛቴ ነው ያዳነኝ ትላለች። ያም ሆነ ይህ ልቤ ቅቤ ጠጣ። «ድኛለሁ» ብዬ ልጄን የማስደንቅበትን ቀን ማለም ጀመርኩ።

አንድ ቀን የተለመደው ክፍል ተይዞ ስለነበር ሐኪሟ ሌላ ክፍል አስገባችኝ። መርፌዎቹን በግራ ጉልበቴ ዙሪያና ከታቹ ተከለች። «እንዳይንቀሳቀሱ፣ መጣሁ» ብላ ወጣች። ስትሄድ ተረከዟ ወለሉን ሲመታ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፤ በሩ አጠገብ ስትደርስ ግን ዷ አለ።

ሴራሚክ ያላነጠፈ ሰው ይህ ነገር አይገባውም። ዷ ማለት ከሴራሚኳ ሥር ሲሚንቶ የለም፣ አየር ነው ማለት ነው። ዛሬ ወይ ነገ ከባድ ነገር ሲያርፍባት ትሰነጠቃለች። እንግዲህ ምን አገባኝ? ጣሪያውን አየሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰውነት ሥዕል አየሁ። ሌላ ነገር ላስብ ብል እምቢ አለኝ። መርፌ ተተክሎበት ያላሳከከው ገላዬ በዚያች ድምፅ ያሳክከኝ ገባ። አንድ ጊዜ ብቻ አንኳኩቼ ልመለስ ብዬ ከአልጋው ወረድኩ።

ቆሞ በዱላ ማንኳኳት ይቻል ነበር። የእኔ ሰውነት ግን ወለል ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተንበረከኩ። በቀኜ ስወርድ ግራው አብሮ ታጠፈ፣ መርፌዎቹም የተተከሉበትን አስታወሱኝ። ጩኸቴን ዋጥ አድርጌ ሴራሚኳን አንኳኳኋት። ባዶ! ደስ አለኝ። ደስታዬ መነሳት እስክሞክር ድረስ ቆየ። ወደ ላይ ብል ቀኙ አልገፋ አለ፤ ወደ ታች ብል ግራው መርፌውን ይነክሳል። በቁምጣ፣ በእንብርክክ፣ አንድ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ሐኪሟ በሩን ስትከፍት ከግንባሬ ጋር ተጋጨ።

«ውይ! ምን ወደቀብዎት አባባ?»

«ምንም። ሴራሚኳ ባዶ ናት፣ ዶክተር።»

አጠገቤ ቁጭ ብላ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ አንዷ ጎብጣለች። ከዚያ ልታነሳኝ ሞከረች። እኔን ከማንሳት ቤቱን ማንሳት ይቀላታል። ሌሎቹም ክፍሎች ውስጥ ያሉት ታካሚዎች ናቸው፤ ማን ተነስቶ ያነሳኛል? ስልኬን ከኮቴ አውጥታ፣ «ማንን ልጥራልዎት?» ስትል «ማንንም» አልኩ። እሷም መጨረሻ ላይ የደወልኩለትን ሰው ጠራች።

ልጄ የምትሠራው እዚያው አቅራቢያ ኖሮ ብዙም ሳትቆይ ደረሰች። ጫማዋ ሲሚንቶ ለብሷል፣ የዕቃ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። በቁምጣ ወለል ላይ ሆኜ አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ሴራሚኳ ግን ያን ያህል ባዶ አልነበረችም።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው?»

«ወለሉን ሲፈትሹ ነው» አለች ሐኪሟ።

ልጄ አልሣቀችም፣ አልተቆጣችም። እጇን ዘርግታ በጣቷ መገጣጠሚያ ሴራሚኳን አንኳኳች፣ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች።

«ባዶ ናት» አለች።

«አላልኩም?»

በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ሣቃችን አመለጠን። በብብቴ ገብታ ብድግ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። ሐኪሟን አስፈቀደችና ተንበርክካ ሴራሚኳን ሳትሰብር ነቀለቻት። ከሥሯ መሐል ላይ ብቻ ጠብ የተደረገ ሲሚንቶ ነበር። የለጠፋትን ሰው ሁለታችንም እኩል ረገምነው። ማጣበቂያውን ከቦርሳዋ አውጥታ በጠበጠች፣ ቀባች። እኔ ከላይ ሆኜ «ጥግ ጥጉን!» እላለሁ፤ እሷ «አውቃለሁ አባዬ» ትላለች።

አንገቷን እንደ ደፋች፣ «ለመርፌው መምጣትህን እማዬ ነግራኛለች» አለች። «ሰኞ ና። መንበርከክ የለም፤ ወንበር ላይ ሆነህ ትለካለህ፣ ትቆርጣለህ። ያላንተ ሥራው ደስ አይልም።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ በማጣበቂያው ሽታ አሳበብኩ።

ሴራሚኳን አስተካክላ ከጨረሰች በኋላ ተነሳች። መጀመሪያ አንድ እጇን አልጋው ላይ፣ ሌላውን ጭኗ ላይ አደረገች። ጉንጯን ነፋ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም አለች። ያኔ ጉልበቷ ቀጭ ሲል ሰማሁ። በጫማ ተረከዝ ባዶ ሴራሚክ የሚለይ ጆሮዬ፣ ስንት ዘመን አጠገቧ ሠርቼ ይህን ሰምቶት አያውቅም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም። ቀዝቅዞት ነው።»

ሚስቴን ስዋሽ የኖርኩት በዚሁ ቃል ነበር። ከአልጋው ወርጄ ቦታውን ለቀቅኩላት።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ዶክተር፣ የእሷን እዩልኝ።»

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ሰኞ አልመጣም እንግዲህ።»

ተቀመጠች። ሐኪሟ ሱሪዋን ሰብስባ ጉልበቷን ዳበሰች፤ አንድ ቦታ ጫን ስትል ልጄ ትንፋሿ ተቆረጠ። «ከጀመረሽ ቆየ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ መልሱን የሰጠችው ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነው።

«ከአምና ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተን በጉልበትህ ከሥራ አባርሬህ፣ በምን አፌ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ፤ ሲሚንቶ ደርቆበት እምቢ አለኝ። ጉልበቴን አመመኝ። ይመመው ብዬ መፍታቴን ቀጠልኩ።