አንድ ሂያጅ፣ አንድ መጪ

«ቦታው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ የፋኩልቲው ዲን ወደ መምህርቷ ጆሮ ጠጋ ብሎ። «ግን የባሕር ማዶዋ እንግዳ ነገ ትሳፈራለች። አባትሽ ምክትላቸው አድርገውሽ ነው ያለፉት፤ አሁን ከእነሱ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተማሪ ልውውጡን ስምምነት መፈረም የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ።»

መምህርቷ አባቷን የቀበረችው ከትናንት በስቲያ ነው። እንቅልፍ በማጣት ዓይኗ ቀልቷል፤ አጽናኙ ሁሉ እጇን እየጨበጠ ጣቶቿ ዝለዋል።

«ስንት ተማሪ ነው የሚወስዱት?» አለችው።

«ሃያ!» ድምፁ ከፍ አለበትና ለቀስተኛውን አየት አድርጎ ዝቅ አለ። «ሃያ ልጅ። ላቦራቶሪው፣ መኝታው፣ ቀለቡ፣ ሁሉም በእነሱ።»

«ከእነሱስ ስንት ይመጣል?»

ዲኑ ስኒውን አንስቶ ፉት አለ። ቡናው ካለቀ ቆይቷል።

«በኋላ እንነጋገር» ብላው ተነሳች።

ቤቱ ጢም ብሏል። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ባስተማረበት የምህንድስና ፋኩልቲ በእጁ ያላለፈ የለምና ለቅሶው የመሐንዲሶች ስብሰባ መስሏል። ግቢው ውስጥ ለጥላ በተወጠረው ሸራ ሥር ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቹ፣ ክራባታቸውን እንዳሰሩ፣ ወደ ላይ አንጋጠው ስለ ገመዱ ይከራከራሉ። አንደኛው በግራ በኩል ላልቷል ይላል፤ ሁለተኛው ጥፋቱ የቋሚው ነው ባይ ነው፤ ሦስተኛው እንባውን እየጠረገ በጣቱ ሒሳብ ያሰላል።

«እናንተ ሰዎች» አለች አክስቷ በአጠገባቸው ስታልፍ፣ «ወንድሜን ልታለቅሱ ነው የመጣችሁት ወይስ ሸራዬን ልትፈትኑ?»

«እሳቸው ቢኖሩ እንዲህ ላልቶ እያየን ዝም ብንል ይቆጡን ነበር፣ እማማ» አለና አንዱ ወንበር ላይ ወጣ።

መምህርቷ ሳታስበው ፈገግ አለች። በሐዘኗ መሐል ኩራት ተሰማት፤ ይህን ሁሉ ሰው ያፈራው አንድ ስህተት መሆኑን ታውቃለች።

አባቷ ወጣት መምህር ሳለ ነው። ከባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንዲት ትንሽ የእግረኛ ድልድይ በጋራ ሊሠሩ ተስማሙ፤ ግማሹን የዚያ ተማሪዎች፣ ግማሹን የዚህ፤ ንድፉ በፖስታ እየተመላለሰ። የወዲያኛው ግማሽ በመርከብ ተጭኖ መጣ። ሹማምንት ተጠሩ፣ ሪባን ተወጠረ። ሁለቱን ግማሾች መሐል ላይ ሲያገናኟቸው የብሎን ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉ። እነዚያ የለኩት ከብረቱ ጠርዝ ነው፤ እነዚህ ከቀዳዳው መሐል። ንድፉ ላይ ቁጥር እንጂ ከየት ተነስቶ እንደሚለካ የጻፈበት የለም፤ ሁሉም የራሱን ልማድ የዓለም ልማድ አድርጎት ነበር። የያኔው ዲን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አባቷ ግን እየሳቀ፣ «ሁለታችንም ልክ ነን፤ ድልድዩ ግን አያሻግርም» አለ። ከዚያ ወዲህ ንድፍ ብቻ መላክ ቀረ፤ ሰው ይላክ ተባለ። ደንቡንም ያኔ ነው ያወጣው፤ አንድ ሂያጅ፣ አንድ መጪ። «እኛ ብቻ ከሄድን ልመና ነው» ይል ነበር። «እነሱ ብቻ ከመጡ ጉብኝት ነው። ትምህርት የሚሆነው ሁለቱም ሲሆን ነው።»

ኩሽና ስትገባ እንግዳዋን እጅጌዋን ሰብስባ ስኒ ስታጥብ አገኘቻት። ስኒው የት እንደሚደረደር ማንም አላሳያትም፤ ተማሪ ሳለች እዚህ ቤት አንድ ዓመት ኖራለች። እውነተኛ ስሟን ሁሉም ረስቶታል። ታክሲ በተሳፈረች ቁጥር «ፍሬን! ፍሬን!» እያለች ስለምትጮህ የመምህርቷ አባት ፍሬን ብሎ አወጣላት፤ በዚያው ጸደቀ። ዛሬ በአገሯ ፕሮፌሰር ናት። አዲሱን ስምምነት ልታስፈርመው መጥታ ቀብሩ ላይ ደረሰች።

«ዲኑ ነገረሽ?» አለች ፍሬን ሳትዞር።

«ነገረኝ። ሃያ ሂያጅ፣ ዜሮ መጪ። ይህን አባባ ፊት ልታቀርቢ ነበር?»

ፍሬን ሌላ ስኒ አንስታ ማጠብ ቀጠለች። የመምህርቷ ንዴት የዛሬ ብቻ አልነበረም።

ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ዓመት ሂያጇ እሷ ነበረች። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ፣ ጎረቤት ስሞ ተሰናብቷት፣ መሄጃዋ ሲቃረብ ከወዲያ መልእክት መጣ፦ ዘንድሮ ወደ እናንተ የሚመጣ ተማሪ አላገኘንም፣ የእናንተ ልጅ ግን ትምጣ። አባቷ «ካልመጡ አንሄድም» አለ። አለቀሰች፣ ለመነች፣ «ልጅህ እኮ ነኝ!» አለችው። «ለዚህ እኮ ነው» አላት። «በሰው ልጅ ላይ የማጠብቀውን በልጄ ላይ ላላ ካደረግኩት ደንብ አይባልም።» በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ አንዷ ፍሬን ናት። ከዚህም ሁለት ሄዱ። መምህርቷ ግን ተመርቃ ወጥታ ነበር፤ በዚያው ቀረች። ከፍሬን ጋር አንድ ክፍል ተኝታ፣ ምነው ይቺ ልጅ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ እያለች ትብሰለሰል ነበር።

ፍሬን እጇን በፎጣ አደረቀች። «አባትሽ እንዲቆጡኝ ብዬ ነው ያመጣሁት» አለች።

«ምን?»

«የእኛ ሰዎች ምን ይላሉ መሰለሽ? ‹እነሱ ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ፣ አንቺን ምን አስጨነቀሽ? እዚያ ሄደን ምን ልንማር?› ብቻዬን ብጮህ ማን ይሰማኛል? እሳቸው እምቢ ካሉ ግን እምቢታቸውን ይዤ እመለሳለሁ፤ እሱን ይዤ እከራከራለሁ። ቀደሙኝ።» ድምጿ ተቆረጠ። «እኔ እኮ መሐንዲስ የሆንኩት እዚህ ነው፣ እህቴ። አገሬ እያለሁ ቁጥሩን ሁሉ አውቅ ነበር። ‹ከየት ነው የለካችሁት?› ብዬ ሰው መጠየቅ የተማርኩት እዚህ ነው።»

መምህርቷ ግድግዳውን ተደገፈች። «እኔ እምቢ ብልስ?»

«ይዤው እሄዳለሁ። ሊሳካልኝ ይችላል። ካልተሳካልኝ ዘንድሮ ከዚህ ማንም አይሄድም።»

ማንም ማለት ለመምህርቷ ራዲዮ ማለት ነው። ራዲዮ አፉ ስለማይዘጋ ስም የወጣለት፣ እሷ ካስተማረቻቸው ሁሉ የሚበልጥባት ተማሪዋ ነው። ከሃያዎቹ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ በዓመቱ ስለሚመረቅ ሌላ ዕድል የለውም። የደረሰባትን ራሷ ልታደርስበት ነው። እምቢታዋን ለዲኑ ከመንገሯ በፊት ለእሱ መንገር እንዳለባት ተሰማት፤ ለቅሶ ከመጡት ጓደኞቹ መሐል ጠርታ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«አልፈርምም» አለችው። «ከእነሱ ካልመጣ ከእኛ አይሄድም። ምናልባት ይሳካል። ካልተሳካ ትቀራለህ።»

ራዲዮ ተዘጋ። በመጨረሻ፣ «መምህርት፣ እርስዎም እኮ…» ብሎ ተወው። ታሪኩን ፋኩልቲው በሙሉ ያውቀዋል።

«አዎ፣ እኔም ቀርቻለሁ። አሁንም ያመኛል። አይዞህ አልልህም፤ እኔም አይዞሽ ሲሉኝ ይብስብኝ ነበር።»

«እናደድብዎታለሁ» አለ ልጁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ተናደድ፣ መብትህ ነው። እኔስ አባቴን ስንት ዓመት ተናድጄበታለሁ!»

ዲኑ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «የሃያ ቤተሰብ ተስፋ! በአንድ ሰው ክብር…» አለና ምላሱን ነከሰ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን እሺ፣ ላኩልን እንበል፤ የት ልናሳድራቸው ነው? ማደሪያው እድሳት ላይ ነው። አንድ ትርፍ አልጋ እንኳ የለንም!»

«ክብሩ የእሱ ብቻ አይደለም» አለች። ድምጿን አልቀነሰችም፤ ለቀስተኛው ወደ እሷ ዞረ። «እዚያ ገመድ የሚያጠብቁት እነማን ናቸው? ሄደው የመጡ ናቸው። ኩሽና ስኒ የምታጥበው ማን ናት? መጥታ የሄደች ናት። አባቴ ለማኝ ልኮ አያውቅም፤ በእሱ ወንበር ተቀምጬ እኔ አልጀምርም። ሃያም ቢሆን፣ አንድም ቢሆን እኩል ለእኩል ይሁን። አልፈርምም።»

ወንበር ላይ የወጣው መሐንዲስ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ። አክስቷ እያለቀሰች ሳቀች። «ወንድሜ! ራሱን ተክቶ ነው የሄደው!» አለች። ዲኑም፣ «እኔም እኮ በዚያ ደንብ ነው የሄድኩት» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ፍሬን ወረቀቱን ሳይፈረም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መምህርቷ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ተቃቅፈው ቆዩ።

«ይዤ እመጣለሁ» አለች ፍሬን።

«ስንት?»

«አንድም ቢሆን።»

መምህርቷ ስትመለስ ማንንም ሳታናግር የአባቷን መኝታ ቤት ከፈተች። ከሞተ ወዲህ የገባበት አልነበረም። መስኮቱን ከፈተች፣ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ አንሶላውን ገፈፈች። አክስቷ በበሩ ብቅ አለች።

«ልጄ፣ ምን ነካሽ? ምን አጣደፈሽ?»

«ዲኑ አልጋ የለንም አለ፣ አክስቴ። ይኸው አልጋ። የሚመጣው ሰው እዚህ ይተኛል።»

አክስቷ ከቁም ሳጥኑ ንጹሕ አንሶላ አወጣችና ጫፍና ጫፉን ይዘው አብረው አነጠፉት። ትራሱ ቀረ። መምህርቷ የትራሱን ልብስ አወለቀች፣ አዲሱን አለበሰችው፣ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አስተካከለችው። አሮጌውን ከሚታጠበው ክምር ላይ ልትጥል እጇን ዘረጋችና መለሰችው። አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው፤ ከዚያ ለቀስተኛ ልትቀበል ወጣች።