የጃርቱ መዝጊያ

«ጠጪ እንጂ፣ ሻዩ በረደ» አለቻት አክስቷ ብርጭቆውን ወደ እጇ እየገፋች። የሟቹ ልጅ ግን አልሰማቻትም። አባቷ ካረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የአባቷ የልጆች መጻሕፍት አርታኢ አሁን ገብታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

አባቷ ሠላሳ ዓመት ፀጉር አስተካካይ ነበር። የልጆች ገጣሚ የሆነውም እዚያው ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ነው። መቀስ ሲያዩ የሚያለቅሱትን ሕፃናት ለማባበል ግጥም ይፈጥርላቸዋል። ሕፃኑ «ከዚያስ?» ብሎ ከጠየቀ ስንኙ አለፈ፤ ጭንቅላቱን ካወዛወዘ ወደቀ። ሱቁን ሲዘጋ ያለፉትን ብቻ ይጽፋል። ዘጠኝ መጻሕፍት የወጡት እንዲህ ነው።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሱ እየነገራት እሷ ጻፈች። የመጨረሻው ግጥም ፀጉሩን መቆረጥ ስላማረው ጃርት ነበር። ሁለት ስንኝ ሲቀረው ድካም በረታበትና ተወው። አርታኢዋ ደግሞ ግጥሙን ትጠብቅ ነበር። ልጅቷ ራሷ ሁለቱን ስንኝ ሞላችና ላከችው፤ ለማንም አልተናገረችም። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ሰው የግጥሙን መዝጊያ ባደነቀ ቁጥር መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

ተነሥታ አርታኢዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። የጃርቱ መዝጊያ የአባባ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

አርታኢዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በቃሏ አወረደችው፦

«ጃርቱም ተነሣ፣ እሾኹ ሳይነካ፣
መስታወት ሲያይ፣ ያምርበታል ለካ።

ይቺን ነው?»

«አዎ።»

«አውቃለሁ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት የማረሚያውን ቅጂ ይዤለት የመጣሁ ዕለት አንቺ ሥራ ቦታ ነበርሽ። እዚህ ላይ ሲደርስ ‹ይቺ የልጄ ናት› አለኝ። ልሰርዛት እስክሪብቶ ሳነሣ እጄን ያዘኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹እኔ ብሆን እላጨው ነበር፤ የሷ ይሻላል› ብሎ። ሳቁ አላስቀምጠው አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አንቺ እስክትነግሪው ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። መጠበቁንም ወዶት ነበር።»

ሳቋ አመለጣት። አክስቷ ደንግጣ ዞረች፤ ልጅቷ ግን እንባዋ እየወረደ መሳቋን አላቆመችም።

ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓዳ ስትሄድ የአባቷን ካፖርት በሩ ጀርባ ተሰቅሎ አየችው። አንድ እጅጌው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያወልቀው እንደተገለበጠ ቀርቷል። ክንዷን እስከ ጫፉ አስገብታ ወደ ውጭ ሳበችው፤ ከዚያ በመዳፏ ቀስ ብላ አስተካከለችው።